ሁለት ኪሎ የሚሸከም ቃታ

ሰኞ፣ ነሐሴ 10 ቀን 1974

እኔ ሐጀራ ባህረዲን፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት፣ ከዘጠነኛ ወደ አሥረኛ ያለፍኩ፣ አእምሮዬ ጤነኛ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ወንጀል መፈጸሜን በዚህ ደብተር ፊት አምናለሁ። ዛሬ ከምሳ በኋላ በአባዬ የናሙና ድንጋይ ቅልጥም ሰብሬ መቅኒውን በልቻለሁ።

ይኸው፣ ተናዘዝኩ። ቀለለኝ? እምብዛም... መቅኒው ግን ይጣፍጥ ነበር።

አባዬ ሚዛን ሠሪ ነው። ሱቃችን ከጎጃም በረንዳ ወደ መሳለሚያ ሲኬድ በስተግራ ነው። ከፊት እሱና ብረት የሚያስርበት ሞርሳው፣ ከመጋረጃው ጀርባ እኔና እማዬ። የነጋዴ ሚዛን ሲያብድ እሱ ጋ ይመጣል። የሚዛን ሁሉ ዳኛ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት የናሙና ድንጋዮች ናቸው። ቀይ ጨርቅ ለብሰው፣ እንደ ሙሽራ ተሸፍነው ይቀመጣሉ። በቅባት እጅ አይነኩም። አባዬ ራሱ ያለ ውዱእ የሚነካቸው አይመስለኝም።

ታዲያ ምን ላድርግ? መዶሻው እሱ እጅ ነበር። ባለ ሁለት ኪሎውን መዘዝኩ። ሁለት ጊዜ መታሁ፣ አጥንቱ ፍርክስ። ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤ ጠረጴዛው ላይ እንዲደርቅ አኖርኩት። አጠገቡ የቅቤ ነጋዴዋ የእትዬ ሠርኬ ድንጋይ ነበር፤ ሚዛኗን ልታስጠግን ልካው በዚያው ማዳበሪያ የመጣ። እሱም ባለ ሁለት ኪሎ፣ እሱም ጥቁር ብረት።

አባዬ ከውጭ ሲያስል ሰማሁ። ድንጋዩን ወደ ሳጥኑ፣ ክዳኑን ግጥም፣ እኔ ወደ መጋረጃው።

«ረዲ! ካቻቢቴውን!» አለ ገብቶ።

ረዲ ወንድሜ ነው። ሸማ ተራ አጎታችን ሱቅ ከተቀጠረ ድፍን ዓመት ሆነው። አባዬ ግን እስካሁን «ረዲ!» ብሎ ይጣራል፣ እኔ አቀብላለሁ፣ እሱም ሳያየኝ ይቀበላል። አንዳንዴ ጢም ያበቀልኩ ይመስለኛል።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 11

ዛሬ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ወልደ ሚካኤል መጣ። (ፊት ለፊት እርስዎ ነው። እዚህ ደብተር ላይ ግን አንተ ብዬዋለሁ። አብዮት ነው።)

በሩን ገርበብ አደረገና ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው።

«ጓድ ባህረዲን፣ ይህ ቃታ ፀረ ሕዝብ ነው።»

አባዬ ሽጉጡን አየ፣ ሊቀመንበሩን አየ። «ምን አደረገ?»

«አይሳብም! ጣቴን እስኪያመኝ እስበዋለሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጥይቱ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል። ነሐሴ ሠላሳ የሊቀመናብርት የተኩስ ውድድር አለ። አምና መጨረሻ ወጣሁ!»

አምናን ማን ይረሳዋል? አምስት ተኩሶ አምስቱንም ሳተ። አንዱ የውሃ በርሜል በሳ። እኔ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ አይቻለሁ፣ ሲተኩስ ሁለቱንም ዓይኑን ይጨፍናል። ቃታው ምን አጠፋ?

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ሚዛን ሠሪ ነኝ።»

«ሚዛን ምንድን ነው?»

«ብረት።»

«ይህስ?»

«ብረት።»

«አየህ!» አለ፣ ትልቅ ነገር እንዳረጋገጠ። «የመሣሪያ ግምጃ ቤት ብልከው ወር ይፈጃል። አንተ አለሳልሰው። ቅቤ አድርግልኝ።» ወጥቶ ሊሄድ ሲል ዞረ። «የሥራ ፈቃድህ የሚታደሰው መስከረም ላይ ነው አይደል?»

ጥያቄ አልነበረም።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 12

አባዬ ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልሎ ሚዛን ስር ደብቆታል፣ አልፎ አልፎ እየሄደ የሚያየው የታመመ ልጅ ይመስል።

እማዬ ቀይ ሽንኩርት እየላጠች፦ «አትንካው ባህረዲን። የዚያ ሰውዬ ሽጉጥ ከሱ ይልቅ ልብ አለው።»

እውነቷን ነው። ጓድ ወልደ ሚካኤል በስብሰባ ተራ የሚሰጠው በሽጉጥ እየጠቆመ ነው። «አንተ! ባለ ባርኔጣው! ተናገር!» ጣቱ ደግሞ ሁልጊዜ ቃታው ላይ። ሰዉ ግን አይፈራም። ቃታው የዛገ መቀርቀሪያ እንደሆነ ከጎረምሳ እስከ ባልቴት ያውቃል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያነጣጥርብን ማንም ያልሞተው በዚያ ቃታ ነው።

«ካልነካሁት ፈቃዴ የለም» አለ አባዬ። «ከነካሁት ደግሞ...»

አልጨረሰውም። እማዬ፣ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ፣ ዓይኗን ጠረገች።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 13

የአባቴን ጉድ ልጻፍ።

ጠዋት ጠራኝ። «ረዲ! ...አንቺ፣ ነይ።» ባለ ስፕሪንጉን ሚዛን ሞርሳው ላይ አስሮ ሜንጦው ላይ ጣቴን አስገባ። «ዝም ብለሽ ቁሚ። ወደ ውጭ እዪ።»

ቆምኩ። ውጭ አንድ ተሸካሚ ማዳበሪያ ጭኖ «ወግድ! ወግድ!» ይላል። እያየሁት እያለሁ ከጀርባዬ ጓ!! አባዬ የላምባ ቆርቆሮ በመዶሻ መታ። ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች።

«አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ» አለ ሚዛኑን እያነበበ፣ ረጋ ብሎ።

«ምኑ?!»

«የደነገጠ ጣት።»

ከዚያ እማዬን ጠራት። ጓ! አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ፣ ሲደመር የአምስት ደቂቃ ስድብ። ከዚያ ሻይ ሊጠጣ የመጣውን ጎረቤታችንን ጋሼ ጁነዲንን። ጓ! አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ሻዩ ሱሪው ላይ። ጋሼ ጁነዲን እስከ ማታ አላናገረውም።

አባዬ ቁጥሮቹን በኖራ ሰሌዳው ላይ ጻፈና ስራቸው አሰመረ። «ሰው ሲደነግጥ ሁለት ኪሎ አይስብም። እንግዲህ ሁለት ኪሎ የሚሸከም ቃታ የሰው ነፍስ ይሸከማል። እስከዚያ አወርድለታለሁ። ከዚያ በታች አንዲት ግራም አላወርድም።»

ሰው ሁሉ ሲጨንቀው ሐኪም ወይም አዋቂ ጋ ይሄዳል። የኔ አባት ጎረቤት ያስደነግጣል። ግን... ቁጥሩን ያሰመረበት መስመር ቀጥ ያለ ነበር። ሽጉጡንም ከተጠቀለለበት ጨርቅ ፈታው።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 15

ቃታው አለቀ።

አባዬ ሽጉጡን ባዶ መሆኑን ሦስቴ አይቶ (አንዴ ቢስሚላህ ብሎ፣ ሁለቴ ዝም ብሎ) ሞርሳው ላይ በጨርቅ አሰረው። ሲመጣ አምስት ኪሎ ተኩል ተሸክሞ ነበር። ውስጡ የደረቀ ግራሶ፣ አቧራ፣ አንድ የስኳር ፍሬም አይቻለሁ። የቀበሌ ስኳር! ለሕዝብ የጠፋው እዚህ ኖሯል። አጠበው፣ ሁለት ቀን በትዕግሥት አለሰለሰው።

ዛሬ ሳጥኑን ከፈተ። ባለ ሁለት ኪሎውን የናሙና ድንጋይ በሽቦ ቃታው ላይ ሰቀለው። ትንፋሻችንን ያዝን። ቃታው ዝም። አንዲት ሃምሳ ግራም ጨመረበት።

ቀጭ።

«ልክ ሁለት!» አለ። አባዬ ሲስቅ የላይኛው ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው። ዛሬ የታችኛውም ታየ።

የእትዬ ሠርኬን ሚዛንም ጨርሷል። ክንዱ ብቻ ነበር የተጣመመው። ማዳበሪያው ውስጥ ከነድንጋዩ ከትቼ እኔው አደረስኩላት። ነገ ፍልሰታ ይፈታል፣ ከነገ ወዲያ ሰው ለቅቤ ይገፋፋል። «ተባረኪ የኔ ልጅ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። እስከ አሁን ቅቤ ቅቤ እሸታለሁ።


እሑድ፣ ነሐሴ 16

ጓድ ወልደ ሚካኤል ሽጉጡን ወሰደ። ባዶውን አንዴ ሳበው። ዓይኑ ፈጠጠ። ደግሞ ሳበው።

«ቅቤ! ቅቤ ነው የሆነው!»

ቅቤን ያነሳው በምክንያት ነው። ሃይማኖት ኋላ ቀርነት ነው እያለ የሚያስተምረን ጓድ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ጨጓራዬን አሞኛል» እያለ ሽሮ ብቻ ሲበላ ከረመ። ዛሬ ፍልሰታ ተፈታ፣ ጨጓራውም ዳነ። ከጢሙ የዶሮ ወጥ ይሸታል። አልሃምዱሊላህ።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 19

ቀበሌ ስኳር ልንወስድ ተሰልፈን ሊቀመንበሩ በመስኮት ይታየናል። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። አዲስ መጫወቻ የተገዛለት ሕፃን... የራሽን ካርዴ ላይ የሚመታውን ማኅተም እንኳ በግራ እጁ ነው የመታው።


ዓርብ፣ ነሐሴ 21

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ጠዋት አባዬ ጁምዓ ከመሄዱ በፊት ውዱእ ሲያደርግ እትዬ ሠርኬ መጣች። ድንጋይዋን በነጠላ ጠቅልላ።

«ሐጀራዬ፣ አባትሽ ሚዛኔን ምን አደረገው?»

«አስተካከለው።»

«አዎ ተስተካክሏል፣ ግን... ቅቤዬ ያልቃል።»

«ሲሸጥ ያልቃል እትዬ።»

«አላግጪብኝ! ሃያ ኪሎ ገዛሁ፣ ሃያ ኪሎ ሸጥኩ፣ አለቀ!»

አየኋት። አየችኝ። ሃያ ገዝቶ ሃያ ሸጦ ማለቁ ምኑ ነው የሚገርመው? ፊቷ ቀላ፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«ማለቴ... ድሮ ይተርፈኝ ነበር። ድንጋዩም እጄ ላይ ከበደኝ። የኔ ቀለል ይል ነበር። እጄ ያውቀዋል።»

ድንጋዩን ተቀብዬ ገለበጥኩት። ሆዱ ላይ የመንግሥት ማኅተም። የአባዬ ማኅተም። የናሙናው!



ሄጄ ሳጥኑን ከፈትኩ። ቀይ ጨርቅ ላይ የተቀመጠውን ገለበጥኩት። ማኅተም የለም። ስሩ ላይ ጥቁር ነገር ተለስኗል፣ በጥፍሬ ጫርኩት። ሰም። ከሰሙ ጀርባ ጉድጓድ... እርሳሱን አውጥተው ባዶውን በሰም ደፍነውታል። መዘንኩት።

አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ።

ያን ቀን። ቅልጥሙ። ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ። አባዬ ሲያስል ያነሳሁት የማንን ነበር?

ታዲያ ቃታው ሁለት ኪሎ አይሸከምም ማለት ነው። የተሸከመው አንድ ከስድስት መቶ ነው። የኔ የደነገጠ ጣት አንድ ከስምንት መቶ ነው! የእማዬ እንኳ አንድ ከሰባት መቶ!

እሑድ ስብሰባ አለ። እሱ ደግሞ በሽጉጥ ይጠቁማል።

እትዬ ሠርኬ ቆማ እጇን ታፋትጋለች። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ። እኔ እንዲህ ሆኖ ነው የገዛሁት፣ ማርያምን!» ሊሆን ይችላል። እሷ ከሄደች በኋላ ግን እኔ ስለሷ አይደለም የማስበው።

ብነግረው... የሊቀመንበር መሣሪያ አበላሸ ይባላል። አሻጥር። ፈቃዱ ቀርቶ ራሱስ?

ባልነግረውስ?


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 22

ነገርኩት።

ሱብሂ ሰግዶ ሲመለስ ጠበቅኩት። ሁለቱን ድንጋይ ፊቱ አስቀምጬ ከቅልጥሙ ጀመርኩ። ስድብ ጠበቅኩ፣ ጥፊም ጠበቅኩ። ሁለቱም ይሻሉኝ ነበር። እሱ ግን ሳጥኑ አጠገብ ቁጭ አለና ባዶውን ድንጋይ ጭኑ ላይ አገላበጠው።

«ሃያ ዓመት» አለ በመጨረሻ። «ሃያ ዓመት የሰው ድንጋይ ሁሉ ስመዝን፣ የራሴን ሳጥን አንድ ቀን አልመዘንኩም። የሷንም ድንጋይ ሳልመዝን መለስኩ። አንቺ ለቅልጥም ቸኮልሽ፣ እኔ ለጥጋብ።»

«አባዬ...»

«ተነሺ። ቀበሌ እንሂድ።»

ሄድን። ጓድ ወልደ ሚካኤል የለም፣ ናዝሬት ለሴሚናር ሄዷል፣ ነገ ቀጥታ ለስብሰባው ይደርሳል። ሽጉጡስ? «ታጥቆታል» አለ ጥበቃው እየሳቀ። «ከሽጉጡ ጋር ነው እኮ የሚተኛው፣ ከሆነ ጊዜ ጀምሮ።»

ስንመለስ እማዬ ምሳ አቀረበች። ቅልጥም አልነበረበትም። ይሄስ ሆን ተብሎ ነው።


እሑድ፣ ነሐሴ 23

ሁሉንም ልጻፍ፣ ሳልረሳው። መቼም አልረሳውም ግን።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከስብሰባ የቀረ ስኳር አያገኝም። እማዬና እኔ መሐል አግዳሚ ላይ፣ አባዬ ከፊት፣ ጉልበቱ ላይ ትንሽ ከረጢት። እትዬ ሠርኬ ከኋላችን ተቀምጣ የማርያምን ስም ትደረድራለች።

ጓድ ወልደ ሚካኤል ገባ። መፈክር ተባለ። እጃችንን አነሳን፣ አወረድን።

«ጓዶች! የዛሬው አጀንዳ ጽዳት ነው!»

ብሎ ሽጉጡን መዘዘ። ለጽዳት።

«አንቺ! ባለ ነጠላዋ! ደጃፍሽ ያለው ቆሻሻ የማን ነው?» ነጠላ የለበሱት ወደ አርባ ይሆናሉ። አፈሙዙ ከአንዷ ወደ አንዷ ይዞራል። ሴቶቹ ይሳሳቃሉ፣ እንደ ድሮው። እኔ ግን የማየው ጣቱን ብቻ ነው። ቃታው ላይ ነው... አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ... አንድ ሕፃን ቢያለቅስ፣ አንድ ወንበር ቢወድቅ...

አባዬ ብድግ አለ።

«ተቀመጥ ጓድ ባህረዲን! ተራ አልሰጠሁህም!»

አፈሙዙ አባዬ ደረት ላይ ቆመ።

እማዬ እጄን ያዘችኝ። እስከ አሁን ጥፍሯ ያረፈበት ይታያል።

አባዬ የደነበረ በቅሎ እንደሚያባብል ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሰሙኛል? ጣትዎን ከዚያ ላይ ያንሱልኝ። ቀስ ብለው። ሥራዬ ተሳስቷል።»

መርካቶ ውስጥ «ባህረዲን ካለ አለ ነው» ይባላል። ዛሬ ያ ሰውዬ በሁለት መቶ ሰው ፊት ተሳስቻለሁ አለ።

ሊቀመንበሩ ጣቱን አነሳ። ግራ ገብቶት ይመስለኛል። አባዬ ወደ ፊት ሄደ፣ ሊቀመንበሩ ራሱ ጥይቱን እንዲያወጣ አደረገ፣ «ውስጡንም ያሳዩኝ» አለ። ከዚያ ከከረጢቱ ሁለቱን ድንጋይ አወጣ።

«ይህ ባዶ ነው፣ ሆዱ ተፈልፍሏል። ቃታውን የለካሁት በዚህ ነው። ሁለት ኪሎ ነው ብዬ ነበር የሰጠሁዎት።» ሰቀለው። ቃታው ዝም። «ይህ ደግሞ እውነተኛው ሁለት ኪሎ ነው።» ድንጋዩን በመዳፉ እንደደገፈ ሽቦውን አሰረ፣ ከዚያ መዳፉን ቀስ ብሎ ለቀቀ። ገና ሙሉ በሙሉ ሳይለቀው...

ቀጭ።

ድምፁ ያን ያህል ትንሽ ነው። ግን አዳራሹ ውስጥ ያልሰማው የለም።

«የደነገጠ ሰው ጣት ይህ ቃታ ከሚሸከመው በላይ ይስባል» አለ አባዬ። «ለክቼዋለሁ።»

«ምስክር ነኝ!» አለ ጋሼ ጁነዲን ከጥግ፣ ሱሪው ትዝ ብሎት።

ያኔ ነው ለሰዉ የገባው። ሳቁ ቆመ። አርባዎቹ ባለ ነጠላዎች እርስ በርስ ተያዩ። ጓድ ወልደ ሚካኤል ሽጉጡን አየው፣ ወገቡን ዳሰሰ፣ ሽጉጡን የሚሽጥበትን ቦታ አሰበ መሰለኝ... ፊቱ አመድ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ፊቱ ቀላ። ይሄኛው ነው የሚያስፈራው።

«ድንጋዩን ማን ቀየረው? ይህ አሻጥር ነው! የማንስ ነው ባዶው?»

«ሚዛን ሠሪ እንደ ሐኪም ነው፣ የበሽተኛ ስም አይጠራም። የተለወጠውም በኔ ቤት ነው። በኔ ቤት የሆነ ነገር የኔ ነው።»

«ጥበቃ!»

ጥበቃው አንድ እርምጃ ተራመደ። እግሬ ሳላዘው ተነሳ።

«እኔ ነኝ!»

ሁለት መቶ ራስ ዞረ።

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ? ምን አድርገሽ?»

ጥሩ ጥሩ ቃላት አዘጋጅቼ ነበር እኮ፣ ትላንት ሌሊቱን ሙሉ። አንዱም አልመጣም።

«ቅልጥም ሰበርኩበት።»

«ምን?»

«መቅኒ... ለመብላት። መዶሻው ስለተያዘ በናሙናው ድንጋይ ሰበርኩ፣ ከዚያ አጥቤ ሳስቀምጥ ከሌላው ጋር ተቀያየረብኝ። አሻጥር አይደለም ጓድ ሊቀመንበር። ሆዳምነት ነው።»

መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላውቅም። እትዬ ሠርኬ ትመስለኛለች፣ በለቅሶ መካከል። ከዚያ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። ጥበቃው ዞሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ጓድ ወልደ ሚካኤል ለመቆጣት አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ... ከዚያ እሱም! ሆዱን ይዞ!

ሲጨርስ ዓይኑን ጠረገና ባዶውን ሽጉጥ በሁለት እጁ፣ እንደ ትኩስ ድስት፣ ለአባዬ ዘረጋለት።

«መልሰው።»

«ሁለት ኪሎ ላድርገው?»

«አምስት አድርገው! ...ስድስት!»


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 25

እትዬ ሠርኬ አንድ ኪሎ ቅቤ ላከችልን። አባዬ መዘነው። አንድ ኪሎ ከሃያ ግራም። «ንስሐ ገብታለች» አለች እማዬ። ከእንግዲህ ድንጋይዋ ሙሉ ነው፣ አባዬ ራሱ አዲስ ሰጣት። ባዶውን ለኔ ወረወረልኝ። «ያንቺ ይሁን። ለሚዛን አይሆንም።»


እሑድ፣ ነሐሴ 30

ውድድሩ። አጥሩ ላይ ነበርኩ። ጓድ ወልደ ሚካኤል ለመተኮስ ሲያልፍ ጠጋ ብዬ፦ «ጓድ ሊቀመንበር፣ አንዱን ዓይን ብቻ ነው የሚጨፍኑት።» አፈጠጠብኝ። ግን አንዱን ብቻ ጨፈነ።

ከአምስት ሁለት መታ። በርሜሉ ተረፈ። ከመጨረሻ ሁለተኛ! ለሰዉ ሁሉ «ባህረዲን የሠራው ቃታ ነው!» ይላል። አባዬ ግን ቃታውን መልሶ አምስት ኪሎ ተኩል ነው ያደረገው፣ ልክ እንደ መጣው፣ ስኳሯ ሲቀር። አልነገረውም። እኔም አልነግረውም።


ሐሙስ፣ መስከረም 6 ቀን 1975

ፈቃዱ ታድሶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ማኅተሙን ሊቀመንበሩ በቀኝ እጁ ነው የመታው፣ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሶ።

በስብሰባ አሁን የሚጠቁመው በጃንጥላ ነው። ሽጉጡ ቢሮ ተቆልፎበታል ይባላል። ባለፈው እሑድ በጃንጥላው ሲጠቁምብኝ ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጎንበስ አልኩ። ሌላውም ሰው ጎንበስ አለ።

የናሙናው ሳጥን ቁልፍ ተገጥሞለታል፣ መክፈቻውም አንገቴ ላይ ነው። ይህንን ቀስ ብዬ ልጻፈው። አባዬ ዒሻ ሰግዶ ሲጨርስ ጠራኝና በክር አንጠልጥሎ አጠለቀልኝ። «በየሳምንቱ ሰኞ ሁሉንም ትመዝኛለሽ። የኔንም ሥራ።» እኔም አንድ ቀልድ እንኳ አልመጣልኝም። እኔ!

አሁን ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ። እማዬ ገበያ ነች። ፊቴ ትልቅ ቅልጥም አለ፣ ባዶው ድንጋዬም አለ። ለሚዛን ባይሆን ለዚህ ማን ብሎት! አንዴ መታሁ። ገጹ ላይ ያለው ነጠብጣብ መቅኒ ነው፣ ይቅርታ ደብተሬ...

ጓድ ወልደ ሚካኤል ገብቷል፣ ድምፁ ይሰማል። «ጓድ ባህረዲን፣ ይህ ጃንጥላ ፀረ ሕዝብ ነው። ቁልፉን ስጫነው አይከፈትም። ትንሽ ብታለሰልሰው...»

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ረዲን ሊጠራ ነው። ቁልፉ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ሊለካ ነው፣ ከዚያ...

«ሐጀራ!»

ስሜን ነው የጠራው። በስሜ።

«ሐጀራ! ናሙናዎቹን አምጪ! ...ቆይ፣ ምንድን ነው የምሰማው? መጀመሪያ እጅሽን አሳዪኝ!»